የአልፓካ መዝገብ ቤት

«ከብትን በተመለከተ እኔን የሚያስተምር ሰው ገና አልተወለደም» አለች ጥሩዬ፣ የወንድሟ ሶፋ ላይ እንደ ዙፋን ተደላድላ። «ሃያ ሁለት ዓመት እርሻ መሥሪያ ቤት ነው የሠራሁት። በእጄ ያላለፈ በሬ የለም።»

እውነቷን ነው፤ በእጇ ያላለፈ በሬ የለም። ያለፉት ግን ወረቀት ሆነው ነው። ጥሩዬ አዲስ አበባ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበረች። አንዱ አውራጃ በሬ ታመመ ሲል፣ ሌላው አውራጃ በሬ ጠፋ ሲል፣ ነገሩ ደብዳቤ ሆኖ ጠረጴዛዋ ላይ ይደርሳል። እሷ ቁጥር ትሰጠዋለች፣ ማኅደር ውስጥ ታስገባዋለች፣ መደርደሪያ ላይ ታወጣዋለች። የታመመውም የጠፋውም በሬ እዚያ ከወጣ በኋላ የሚያውከው የለም። ሥጋና ደም ያለው በሬ በቅርብ ያየችው ለበዓል ቅርጫ ስትገባ ነው፤ ያን ጊዜም በሬው ሃያ መደብ ሆኖ ተከፋፍሎ ነበር።

ይህን የምትናገረው ለወንድሟ ለጳውሎስና ለልጁ ለሠርካለም ነው። ጳውሎስ ኤቨረት በሚባል ከተማ ባለ የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ቡሎን የሚያጠብቅ፣ ቤት ሲገባ ግን ማንንም የማያጠብቅ ሰው ነው። ሠርካለም አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አክስቷ ስትናገር ዓይኗን ወደ ጣሪያ የምትሰቅልበት ልዩ ችሎታ አላት። ሦስቱ የሚኖሩት ሲያትል ደቡብ ጫፍ፣ ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርታማ ነው። መኝታ ቤቱ ሁለት፣ ሰዉ ሦስት ስለሆነ፣ ጥሩዬ ዲቪ ደርሷት ከመጣች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረችው ሶፋው ላይ ነው። ሶፋው መሐሉ ሰርጉዷል። ጳውሎስ የቅርጫት ኳሱን አይቶ እስኪጨርስ መተኛት አትችልም፤ ጠዋት ደግሞ ሠርካለም ሴሪያሏን ይዛ እግሯ ላይ ትቀመጥባታለች። መዝገብ ቤት ሙሉ ቁልፍ በወገቧ ታንጠለጥል የነበረች ሴት፣ አሜሪካ መጥታ ከውስጥ የምትቆልፈው አንድ በር አጣች።

ፈረንጆቹ 1997 በሚሉት ዓመት፣ በሚያዝያ፣ በሩ ከነቤቱ መጣ።

ጥሩዬ እየሄደች የምታስታምማቸው ሚስስ ሄለን የሚባሉ አሮጊት፣ ከኦበርን ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ አምስት ኤከር መሬት፣ አንድ ቤትና ሦስት አልፓካ ነበራቸው። አልፓካ፣ ላላየው ሰው፣ የበግ ጠጉር ለብሶ፣ የግመል አንገት ተውሶ፣ የተቀማጠለ ልጅ ዓይን የተሰጠው እንስሳ ነው። ሚስስ ሄለን አሪዞና ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ሲነሡ ጥሩዬን አስቀምጠው ነገሯት፦ እሳቸው እስኪመለሱ ቤቱ ውስጥ እያደረች እንስሶቹን ትጠብቃለች፤ ሲመለሱ ደህና ካገኟቸው ቤቱንና መስኩን ለእሷ ያከራያሉ፤ እሳቸው ከልጃቸው ጋር ይቀራሉ። ደህና ካላገኟቸው ግን መሬቱንም እንስሶቹንም ይሸጣሉ።

«ሶ፣ ከሸጡትስ?» አለች ሠርካለም።

«አይሸጡትም።»

«ከሸጡት ግን ሶፋው ላይ ነሽ።»

«ሠርካለም» አለ ጳውሎስ።

«አልፓካ ምን እንደሚበላ ታውቂያለሽ፣ አክስቴ?»

«ዝርዝሩ ይታያል» አለች ጥሩዬ፣ ይህን ቃል ከተናገረች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበርና አፏ ውስጥ እንደ ከረሜላ ጣፈጣት።

*

ሚስስ ሄለን ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈው ሄደዋል። ድርቆሽ ጠዋትና ማታ፣ ውሃ ሁልጊዜ፣ ጥፍር በየሁለት ወሩ ይቆረጥ፣ በግንቦት መጨረሻ ዴል የሚባል ሸላች መጥቶ ጠጉራቸውን ይሸልታል፤ በቃ። ጥሩዬ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ቀን የለው፣ ቁጥር የለው፣ ፊርማ የለው። የሽንኩርት መግዣ ነው የሚመስለው።»

ስለዚህ ሥራዋን ጀመረች። እንስሶቹ የመጀመሪያውን ቀን ጾማቸውን ዋሉ፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን ተደራጀ። የእንግዳ መኝታ ቤቱ መዝገብ ቤት ሆነ። ሲያትል ሄዳ ክብ ማኅተም አስቀረጸች፤ መሐሉ ላይ አልፓካ ይሳልልኝ ብትል ቀራጩ አልፓካ አይቶ ስለማያውቅ እግር ያለው ጠርሙስ ሳለላት። ለሦስቱም እንስሳት ማኅደር ተከፈተ። ሚስስ ሄለን ጂንጀር፣ ፔፐርና ዴዚ ይሏቸው የነበሩት፣ አል/01፣ አል/02 እና አል/03 ተባሉ።

ማኅደር ደግሞ ያለ ፎቶ ማኅደር አይደለም። ቅዳሜ ሠርካለም ካሜራ ይዛ መጣች።

«ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት» አለች ጥሩዬ። «ጉርድ ነው የምፈልገው።»

«አክስቴ፣ አንገቱ ራሱ ሁለት ጉርድ ይወጣዋል።»

ጂንጀር፣ ቡናማዋና የሦስቱ አለቃ፣ ጥሩዬ አገጯን ይዛ ወደ ካሜራው ልታዞራት ስትል ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፤ ከዚያም ከሆዷ ያመጣችውን አረንጓዴ ነገር ጥሩዬ ደረት ላይ ተፋችው። ሽታው የከረመ ጠላ አተላ ነው። ሠርካለም ሣሩ ላይ ተንከባለለች። ጥሩዬ ፊቷ ሳይለወጥ ገብታ ልብሷን ቀይራ፣ በአል/01 ማኅደር ውስጥ «የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» አስገባች።

ኮሚቴም ተቋቋመ። ሊቀመንበር ጥሩዬ፣ ጸሐፊ ሠርካለም፣ አባል ጳውሎስ። ጳውሎስ መመረጡን የሰማው በስልክ ነው፤ «እሺ እትዬ» አለና ወደ ቡሎኑ ተመለሰ። በመተዳደሪያው መሠረት ያለ ሦስቱ ሰው ምልዓተ ጉባዔ አይሟላም፤ ጳውሎስ ደግሞ ቅዳሜም እሑድም ኦቨርታይም ነው። ኮሚቴው በስድስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ጊዜ ተጠርቶ ስድስት ጊዜ ተበተነ፤ ለስድስቱም ቃለ ጉባዔ ተይዟል።

በመጨረሻ የመስኩ መግቢያ ላይ በቀይ ቀለም ሰሌዳ አቆመች፦ «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው»። በአማርኛ ነው የጻፈችው። ኦበርን ኮረብታ ላይ ፈረሶችና ጡረተኞች እንጂ አማርኛ አንባቢ ስለሌለ ሰሌዳው ማንንም አልከለከለም። እንዲያውም አንድ ሰው ጠራ።

አቶ ኡርጌሳ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አርሲ ከብት መሐል ያደጉ፣ አሁን ኦበርን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዱ ሽማግሌ ናቸው። በመንገዱ ሲያልፉ ቀዩን ፊደል ቢያዩ ዓይናቸውን አላመኑም፤ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ወረዱ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ዘር ማንዘር ተጠያየቁ። ከዚያ አቶ ኡርጌሳ በበረቱ ጥግ የተከመረውን የእንስሶቹን በጠጥ አዩ።

«ያ ጥሩዬ፣ ይሄን የምትጥዪው ከሆነ ልውሰደው? ጎመን ተክያለሁ።»

«ማመልከቻ ያስገቡ፣ አቶ ኡርጌሳ።»

«ለበጠጥ?»

«ለማንኛውም የእርባታው ንብረት።»

አቶ ኡርጌሳ ሳቁ፤ ጥሩዬ አልሳቀችም፤ አቶ ኡርጌሳ ሳቃቸውን ዋጡ። ከመኪናቸው የካርቶን ቁራጭ አምጥተው «በጠጥ እፈልጋለሁ፤ ኡርጌሳ» ብለው ጻፉላት። ተቀበለች፣ ማኅተም መታችበት፣ በሳምንቱ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። በሳምንቱ መጡ፤ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነበር። ደግሞ በሳምንቱ መጡ። እሳቸው እሑድ እሑድ የሚመላለሱት ለበጠጡ ይሁን እንስሶቹን ለማየት፣ ጥሩዬ አልጠየቀችም። አጥሩ ላይ ተደግፈው ዝም ብለው ያያሉ። ጂንጀርም መጥታ ዝም ብላ ታያቸዋለች፤ እሳቸው ላይ አንድም ቀን አልተፋችም።

*

በግንቦት የመጨረሻ ቅዳሜ፣ እያካፋ ሳለ፣ ሸላቹ ዴል በፒካፕ መጣ። ረጅም ሰው ነው፤ የኤሌክትሪክ መሸለቻውን ከነገመዱ በትከሻው አንጠልጥሏል። ጥሩዬ ጃንጥላ ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው፤ ሠርካለም እንድታስተረጉም አጠገቧ ቆማለች።

«መታወቂያና የተላከበትን ደብዳቤ ያሳይ በዪው።»

ሠርካለም ነገረችው። ዴል ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አንድ ነገር አለ።

«ሄለን በስልክ ነግራኛለች ነው የሚለው። በየዓመቱ እሱ ነው የሚመጣው።»

«ስልክ ፋይል ውስጥ አይገባም።»

«አክስቴ፣ በቃ ይሸልታ፤ ሃያ ሌላ ፋርም አለበት።»

ጥሩዬ ግን ሌላም ምክንያት ነበራት፤ እሱን ስታስብ ልቧ ሞቅ ይላል። በሰባዎቹ አንድ ሰርኩላር በእጇ አልፎ ነበር፦ ከሰኔ መግቢያ እስከ ጳጉሜን ባለው የክረምት ወራት እንስሳት ከብርድና ከዝናብ እንዲጠበቁ የሚል። ራሷ መዝግባ ለአሥራ አራት አውራጃ በትናዋለች። እንደ ውዳሴ ማርያም ትወጣዋለች። አሁንም ጃንጥላው ሥር ቆማ ከጉዳዩ እስከ ግልባጩ ወጣችው።

«ግንቦት አለቀ። ሰኔ ሊገባ ነው። በሐምሌ ብርድ ራቁታቸውን እንዲቆሙ ነው የሚፈልገው?»

«እዚህ አገር ጁላይ ይሞቃል እኮ። አምና ራስሽ ፋን ሥር ተኝተሽ ነበር።»

«እኔ በግሌ ሞቆኝ ሊሆን ይችላል። ሰርኩላሩ ስለ እንስሳት ነው።»

«ሰርኩላሩ ስለ ኢትዮጵያ ነው።»

«ሰማዩን አታዪም?» አለች ጥሩዬ፣ ጃንጥላዋን ዘንበል አድርጋ ካፊያውን እያስመሰከረች። ካፊያው መሰከረ። ሲያትል አካባቢ ካፊያ ለጠራው ሁሉ ይመሰክራል።

ዴል ከዛሬ ውጪ እስከ መስከረም ቀኑ ሁሉ የተያዘ መሆኑን በትሕትና አስረዳ። ጥሩዬም ሰኞ ደብዳቤ ይዞ እንዲመለስ በትሕትና አስረዳች። ሰውየው ፒካፑን አዙሮ ሄደ። የዕለቱ ቃለ ጉባዔ በሠርካለም እጅ እንዲህ ይላል፦ «ሰውየው መጣ። ሰውየው ሄደ። እኔ ተቃውሜያለሁ።»

በማግስቱ አቶ ኡርጌሳ አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆዩና ጥሩዬን ጠሯት።

«የእነዚህ ጠጉር መቼ ነው የሚነሣላቸው? ሸላች አልመጣም?»

«መጥቶ ተመልሷል።»

«ማን መለሰው?»

«መመሪያ።»

«የት ነው ያለው?» አሉ አቶ ኡርጌሳ። «ላነጋግረው።»

*

ሰኔ ለጥሩዬ ታማኝ ሆነ። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ካፊያ። በየቀኑ በረንዳ ላይ ወጥታ ሰማዩን እንደ በታች ሠራተኛ ትመረምረዋለች፤ ደመናው ቦታው ላይ ነው። ለጳውሎስ ደውላ «ክረምቱ እንደ ሰርኩላሩ እየሄደ ነው» ትለዋለች። ከቤቱ ሦስት በሮች አንዱን እያፈራረቀች ከውስጥ ትቆልፋለች፤ የምትሠራው ስለሌላት ሳይሆን መቆለፉ ራሱ ደስ ስለሚላት ነው። መጋረጃ ለካች። ሶፋ ላለመግዛት ወሰነች።

ሐምሌ ግን ከዳት። በወሩ አጋማሽ አንድ ጠዋት ደመናው ሳያስፈቅድ ሄደ። በማግስቱም አልተመለሰም። ሣሩ ቢጫ ሆነ፣ የበረቱ ቆርቆሮ ሲነኩት ያቃጥል ጀመር፣ በረንዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር በፋራናይት ዘጠና አራት ላይ ወጣ። ሦስቱ አልፓካዎች የሁለት ዓመት ድሪቶ የለበሱ ያህል ጠጉራቸው ተንዘርፍፎ፣ ዛፍ ሥር ተደራርበው ዋሉ። ዴዚ የውሃ ገንዳው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ፔፐርም ልትከተላት ስትል ገንዳው ለአንድ ብቻ የሚበቃ ሆነና ተጣሉ።

ጥሩዬ መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ሰርኩላሩ ውስጥ ሙቀት የሚል ቃል አልነበረም።

ረቡዕ ዕለት ስልክ ጮኸ። ሚስስ ሄለን ናቸው። የአሪዞና ሙቀት አላስቀምጥ ስላላቸው ከታሰበው ቀድመው ቅዳሜ ይመጣሉ፤ እንስሶቹን አይተው ነገሩን ይቆርጣሉ። «ደህና ናቸው?» አሉ።

«በአጥጋቢ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» አለች ጥሩዬ በእንግሊዝኛ፣ በተቻላት መጠን፣ ዴዚ ገንዳው ውስጥ ሆና በመስኮት እያየቻት።

ስልኩን እንዳስቀመጠች ለዴል ደወለች። ያነሳላት የመልእክት ማሽን ነው፤ እስከ መስከረም ሰው እንዳይቀበል ታዝዟል። ጥሩዬ የማሽንን ጠባይ ታውቃለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት እሷም እንደዚያው ነበር የምትመልሰው። ለሌሎች ሸላቾችም ደወለች። አንዱ ሳቀባት።

ሐሙስ ጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ጠራች። ሠርካለም ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እዚያው ነበረች። ጳውሎስ በስልክ «እትዬ፣ ሺፍት ላይ ነኝ» አለ።

«እንግዲህ ምልዓተ ጉባዔው አልተሟላም» አለች ጥሩዬ። ድምጿ ግን እንደወትሮው አልነበረም።

«ኮረሙን ተዪው፣ አክስቴ። ጂንጀር አፏን ከፍታለች።»

«ምን ማለት ነው አፏን ከፍታለች?»

«ከፍታለች ማለት ከፍታለች። አትዘጋውም። ለጋሼ ኡርጌሳ ኮል አድርጌላቸዋለሁ።»

«በማን ፈቃድ?»

ሠርካለም የውሃውን ጎማ ለመክፈት ወጥታ ነበር።

ጂንጀር ዛፉ ሥር በጎኗ ወድቃለች። ያ አለቃ አንገቷ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ አፍንጫዋ ተከፍቶ እየተከደነ፣ ጎኗ እንደ ወናፍ እየተነሳ ይወርዳል። ስታያቸው ልትተፋ እንኳ አልሞከረችም። ጥሩዬን ያስደነገጣት ይኼ ነው። አንድ ጊዜ ብትተፋባት ኖሮ እፎይ ትል ነበር።

አቶ ኡርጌሳ የመጋዘኑን ቢጫ ሰደርያ እንደለበሱ መጡ፤ በበሩ ሳይሆን አጥሩን ዘለው ገቡ፣ ስድሳ ባለፈ ዕድሜያቸው።

«ጀርባዋ ላይ አይደለም ልጄ፣ ጠጉሩ ውሃ ይዞ ይቀቅላታል። ሆዷ ሥር፣ እግሯ መሐል፤ እዚያ አፍስሺው። ጥሩዬ፣ መቀስ።»

«ምን ዓይነት መቀስ?»

«የሚቆርጥ።»

ጥሩዬ ሮጣ ገባች። መቀሶቹ መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ ንብረት ክፍል በተባለው መሳቢያ ነበሩ፤ ሦስት ናቸው፣ ቁጥር ተለጥፎባቸዋል። እጇ መቀሱን ሲያነሣ ሌላው እጇ፣ ማንም ሳያዘው፣ የንብረት ወጪ ሞዴል 22ቱን አነሣ። ሁለቱንም ይዛ ወጣች። አቶ ኡርጌሳ ተንበርክከው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«እዚህ ጋ ይፈርሙና…» አለች።

አቶ ኡርጌሳ ቀና ብለው አዩዋት። ያን ጊዜ የጂንጀር ትንፋሽ ተቋረጠ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ያህል ቆየና ድጋሚ ጀመረ። በዚያች ክፍተት ውስጥ ጥሩዬ ሶፋውን አየችው፤ የሰረጎደውን መሐሉን፣ የሠርካለምን ሴሪያል፣ ቅርጫት ኳሱን፣ ዕድሜ ልኳን። ሞዴሉን ለቀቀችው። ነፋሱ ወሰደው፤ ፔፐር ተከታትላ በላችው።

«አንገቷን ያዢ» አሉ አቶ ኡርጌሳ። «አጥብቀሽ አይደለም። እንደ ሕፃን።»

ያዘችው። ጠጉሩ ሥር ያለው ቆዳ እንደ ምጣድ ይፋጃል። አቶ ኡርጌሳ ከሆዷ ጀምረው መቁረጥ ያዙ፤ ሠርካለም በአንዱ ጎን፣ ከመሳቢያው ሁለተኛ መቀስ አምጥታ። ቆይቶ የአቶ ኡርጌሳ እጅ ሲዝል ጥሩዬ መቀሱን ተቀበለቻቸው። እንዴት እንደሚቆረጥ አታውቅም። ጠየቀች። በሕይወቷ ስለ ከብት የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው፤ «በየት በኩል ነው የምይዘው?» የምትል አጭር ጥያቄ።

«ከቆዳው አትራቂ፣ አትቅረቢም።»

ከቀትር በኋላ ጂንጀር አፏን ዘጋች። ሌላ ሰዓት ቆይታ ተነሣች፣ ተንገዳገደች፣ ዙሪያዋን አየች፣ ጥሩዬን መረጠችና ፊቷ ላይ ተፋችባት። ጥሩዬ በክንዷ ጠረገችው። ደስ አላት፤ ደስ እንዳላት ግን ለማንም አልተናገረችም።

ፔፐርንና ዴዚን ዓርብ ቀኑን ሙሉ ቆረጡ። በሣሩ ላይ ስድስት ጆንያ ጠጉር ተከመረ። ከዚያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ሥር የወጡት ሦስት ቀጫጭን ፍጡሮች ናቸው፤ አንገት፣ አራት እግር፣ ትንሽ ሆድ። ሠርካለም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ይሄ ሁሉ ፋይል የተከፈተው ለእነዚህ ነው?»

አቆራረጡም የሚያምር አልነበረም። አንዱ ጎን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ፣ መሐሉ ተዘሎ፤ ዴዚ እርከን የተሠራለት ተራራ ትመስላለች። ጥሩዬ ዞራ ዞራ አየቻቸው። ቅዳሜ ሚስስ ሄለን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አሰበችና ሌሊቱን ሙሉ በሦስቱም በር ቁልፉን አልነካችም፤ ያልተረጋገጠ በር መቆለፍ አስጠላት።

*

ሚስስ ሄለን ምርኩዛቸውን ይዘው ከታክሲ ሲወርዱ ጥሩዬ በሩ ላይ በሱፍ ቀሚስ ቆማ ነበር፤ በክንዷ አራት ማኅደር ታቅፋለች። አራተኛው ማታውን የጻፈችው ሪፖርት ነው፤ አሥራ አንድ ገጽ፣ ማኅተም ያረፈበት። ስለ ዴል የሚያወራው ክፍል ሁለት መስመር ብቻ ነው።

አሮጊቷ ማኅደሮቹን ተቀብለው አንዱን ከፈቱ። ፊደሉን አዩ፤ ገለበጡ፤ እግር ያለውን ጠርሙስ ትንሽ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ዘግተው ሁሉንም ታክሲው ኮፈን ላይ አስቀመጧቸውና ወደ መስኩ ሄዱ። ታክሲው ማኅደሮቹን ከነኮፈኑ ይዞ ሊነሣ ሲል ሠርካለም ሮጣ አዳነቻቸው።

ሚስስ ሄለን ጂንጀርን ጥርሷን አዩ፣ ጥፍሯን አዩ፣ በእጃቸው ጎኗን ዳሰሱ። ሦስቱንም እንዲሁ። ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ጥሩዬ አጥሩን ይዛ ቆማለች፤ ዕድሜ ልኳን ያስጠበቀቻቸው ባለጉዳዮች ሁሉ እንዴት ቆመው ይጠብቁ እንደነበር ያን ቀን በጉልበቷ ገባት።

«ማን ነው የሸለታቸው?» አሉ ሚስስ ሄለን።

ጥሩዬ ሪፖርቱን ልትጠቅስ አፏን ከፈተች። አቶ ኡርጌሳ በረቱ ጥግ ቆመው ነበር፤ ሠርካለም ቀደመቻት።

«እኛ ነን። በመቀስ። ሸላቹን አክስቴ መልሳው ነበር፤ ጂንጀር ልትሞት ነበር፤ እሳቸው መጡ።»

ጥሩዬ የወንድሟን ልጅ በዓይኗ ከሥራ አሰናበተቻት።

ሚስስ ሄለን ወደ ጥሩዬ ቀረቡና እጇን ያዙ፤ ቅድም የጂንጀርን ጥፍር ሲያዩ እንደነበረው ገልብጠው አዩት። መዳፏና አውራ ጣቷ ላይ መቀሱ ያወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል አለ፤ አንዱ ፈንድቷል። ለቀቋት።

«ቤቱን ትከራዪዋለሽ» አሉ። «መስኩንም። እንስሶቹም ይቆያሉ። ስለ እንስሶቹ ግን እሱ ያለው ይሆናል» በምርኩዛቸው አቶ ኡርጌሳን እያመለከቱ። «ፈቃደኛ ከሆነ።»

ሠርካለም ለአቶ ኡርጌሳ አስተረጎመችላቸው። አቶ ኡርጌሳ አሰቡ።

«በጠጡ የኔ ከሆነ» አሉ።

«ሁሉም ያንተ ነው» አሉ ሚስስ ሄለን፣ ሰው ይህን ያህል በጠጥ መፈለጉ እየገረማቸው፤ ከዚያ ደክሟቸው ለመቀመጥ ወደ ቤቱ ገቡ።

ጥሩዬ ቤቱን ትከራዪዋለሽ የሚለውን ሰምታለች። መስኩንም የሚለውን ሰምታለች። ከዚያ በኋላ የተባለው፣ ደስታዋ ጆሮዋን ስለደፈነው ይሁን ሌላ ምክንያት ኖሯት፣ አልገባትም። ቀሚሷን አስተካከለች፣ ማኅደሮቿን ከሠርካለም ተቀበለች፣ በረቱና ገንዳው መሐል ባለው መተላለፊያ ላይ ቆመች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንግዲህ አቶ ኡርጌሳ፣ በዛሬው ዕለት የእርባታው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኜ መመደቤን አስመልክቶ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። እርስዎም በምክትልነት ታጭተዋል፤ ለዚህም ማመልከቻ ያስገባሉ። ከአሁን ጀምሮ ማንኛውም እንስሳትን የሚመለከት ጉዳይ በቅድሚያ በኔ በኩል የሚያልፍ ይሆናል።»

አቶ ኡርጌሳ የበረቱን መወርወሪያ ከፍተው፣ አንድ እጃቸውን ጂንጀር አንገት ላይ አድርገው፣ እስክትጨርስ ጠበቁ።

«እሺ» አሉ። «አሁን ከፊታቸው ዘወር በይ፤ ውሃ ሊጠጡ ነው።»